እግር ያወጣች ሱቅ

ለሥራ ጉዳይ ሰቆጣ ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በፊት ከአንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሻይ ሳማስል ዓይኔ ከፊቴ በቆመ የውኃ ቧንቧ ላይ ዐረፈ። ውኃ የሚወርድበት ቧንቧ እንዳይመስላችሁ። ወገብ የሚደርስ፣ ዝገቱ ተፍቆ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ቁራጭ ብረት ነው። ሥሩ በአሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ በሲሚንቶ ተተክሏል። አናቱ ላይ ትሪ የምታህል ላሜራ ተበይዳበታለች። ላሜራዋ ላይ ክዳን ያላቸው አራት ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ በአንዱ ከረሜላ፣ በአንዱ ማስቲካ፣ በአንዱ ቆሎ፣ በአንዱ ሱፍ። ከአጠገባቸው ክዳኗ በቢላ የተሰነጠቀ የወተት ጣሳ በሽቦ ታስራለች። ሻጭ ግን የለም።

ማስቲካ አማረኝና ዞር ዞር ብዬ ባለቤቱን ፈለግኩ።

«ይውሰዱና ሒሳቡን እዚያች ጣሳ ውስጥ ይክተቱት» አለችኝ የሻይ ቤቷ ባለቤት ከውስጥ ሆና።

«ባለቤቱስ የት ሄዶ ነው?»

«ትምህርት ቤት ነዋ!»

አባባሏ «ሌላ የት ሊሆን ኖሯል?» የሚል ነበር። እውነትም በዚያ ሰዓት ሌላ የት ሊሆን ኖሯል? እኔ ግን ከረሜላ የሚሸጥ ልጅ በትምህርት ሰዓት ትምህርት ቤት ይሆናል ብሎ ማሰብን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ማስቲካዬን ወስጄ ሒሳቡን በጣሳዋ ቀዳዳ ከተትኩ። ልጁን ሳላየው ላለመሄድም ወሰንኩ።

እስኪመጣ ድረስ የቧንቧውን ዘር ማንዘር ልቁጠርላችሁ።

ሁላችንም የምናውቀው «ሱቅ በደረቴ» አለ። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤ ግን ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም። ከጣውላ ወይም ከካርቶን የተሠራች ሳጥን ናት። ግራና ቀኝዋ በገመድ ታስሮ ገመዱ አንገት ላይ ይጠለቃል። ሳጥኗ ደረት ላይ ታርፋለች። ማስቲካ፣ ከረሜላ፣ ሶፍት፣ ክብሪት፣ ባትሪ ትይዛለች። የሱቁ መደርደሪያ የልጁ ደረት ነው፤ ምሰሶው የልጁ አንገት፣ መሠረቱ የልጁ እግር። ልጁ ሲደክመው ሱቁ ይደክመዋል። ልጁ ሲቀመጥ ሱቁ ይዘጋል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲ ስሄድ በመስኮት አንድ ሱቅ በደረቴ ጠርቼ ማስቲካ ተቀበልኩት። ሒሳቡን ከኪሴ ሳወጣ መብራቱ ለቀቀና ታክሲው ተነሣ። ልጁ ሳጥኑን በሁለት እጁ ደግፎ ከኋላችን ሮጠ። ሳንቲሙን በመስኮት ልወረውርለት አሰብኩ፤ «መኪና ይገጨዋል» ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር አሰብኩ እንጂ ብዙም አልታገልኩም። «ሾፌር፣ ወራጅ አለ» ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። ልጁ ጥቂት ሮጦ ቆመ። ማስቲካው አፌ ውስጥ ቀረ።

የዚያ ልጅ ችግር ዕቃውን አስቀድሞ መስጠቱ ነው። በሌላው ዓለም ለዚህ ችግር መፍትሔ ከተገኘለት ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው።

በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ሄሮን የሚባል መሐንዲስ ነበር። ሄሮን በቤተ መቅደስ ደጃፍ የሚቆም አንድ ዕቃ ስለመሥራት ጽፏል። ሰውየው ሳንቲም ይጥላል። ሳንቲሙ በአንድ ዘንግ ጫፍ ላይ ያርፋል። ዘንጉ ሲያዘነብል መክደኛው ይከፈትና የተቀደሰው ውኃ ይፈሳል። ሳንቲሙ ተንሸራትቶ ሲወድቅ ዘንጉ ይመለሳል፤ ውኃውም ይቆማል። ከከፈልከው በላይ አንዲት ጠብታ አታገኝም። በእኛ አነጋገር ጠበሉ ቆጣሪ ተገጠመለት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለረጅም ዘመን ተኝቶ ቆየ። በ1880ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) እንግሊዝ ውስጥ ፖስታ ካርድ የሚሸጥ ባለ ሳንቲም ሣጥን በባቡር ጣቢያዎች ቆመ። በ1888 ቶማስ አዳምስ የተባለው የማስቲካ ነጋዴ ኒው ዮርክ ውስጥ በባቡር መሳፈሪያዎች ላይ ማስቲካ የሚሸጥ ሣጥን አቆመ። ቀጥሎም በየፀጉር ቤቱና በየልብስ ማጠቢያ ቤቱ ክብ የመስታወት ራስ ያላቸው የከረሜላና የማስቲካ መሸጫዎች መጡ። ሳንቲሙን ከተህ እጀታውን ስታዞር አንድ ፍሬ ዱብ ይልልሃል።

እነዚህ ማሽኖች የሚቆሙት ከብረት ቧንቧ በተሠራ እግር ላይ ነው። ሥሩ ሰፊና ከባድ ብረት ነው፤ ማንም ብድግ አድርጎ እንዳይሄድ። ነጋዴዎቹ ብዙውን ጊዜ ትንንሽ ሰዎች ናቸው፤ ቅዳሜ እሑድ ቁልፍ ይዘው እየዞሩ ሳንቲም የሚሰበስቡ፣ ከገቢው ለቤቱ ባለቤት የሚያካፍሉ። ከእነሱ መካከል እግሩን በውድ ከመግዛት ይልቅ ከቧንቧ መሸጫ ቁራጭ ቧንቧ ገዝተው፣ ክር አስወጥተው፣ ከግርጌ ክብደት አስረው በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ሞልተዋል። ለካ የሰቆጣው ቧንቧ በሩቅ አገር ዘመድ አለው!

በዘመዶቹ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የእነዚያ ማሽን የሚቆመው በመጠራጠር ላይ ነው። አስቀድመህ ትከፍላለህ፤ ከዚያ ይሰጥሃል። ቁልፍ አለው፣ መስታወት አለው፣ ክብደት አለው። የእኛ ሱቅ በደረቴ ደግሞ አስቀድሞ ይሰጥሃል፤ ክፍያውን ለኅሊናህና ለታክሲው ሾፌር ይተወዋል።

«እኛ ማሽኑን ያልሠራነው ለምንድን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዱ መልስ ሳንቲሙ ራሱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ሳንቲም የሚውጥ ማሽን ሁሉም የሚያምነው ሳንቲም ይፈልጋል። ሰቆጣ ደግሞ ይህን ታሪክ ለመናገር ከማንም የተሻለች ናት፤ ምክንያቱም ከተማዋ የጨው ከተማ ነበረች።

በአፋር ዝቅተኛ ቦታ ከጨው ሜዳው ላይ በመጥረቢያ እየተፈለጠ በጡብ መልክ የሚጠረበው ጨው አሞሌ ይባላል። አሞሌው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ዳገቱን ይወጣል። ከሚወርድባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ የዋጎቹ ሰቆጣ ነበረች። ከዚያ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም ያልፋል። አሞሌ የወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም። ገንዘብ ነበር። በ1520ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በመላው አገሪቱ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከሚቆፈርበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየከበደ እንደሚሄድ ጽፏል። ገንዘቡ መንገድ ላይ ይወልዳል ማለት ነው። ዝናብ ሲመታው ደግሞ ይሟሟል። የእኛ አያቶች የዋጋ ግሽበትን በዝናብ ነው የተማሩት።

የጨው ነጋዴ በየበሩ ኬላ ይጠብቀው ነበር። እዚህ ይቀረጣል፣ እዚያ ይቀረጣል። ትንሽ ነጋዴ በመንገዱ ላይ ዱላ የያዘ ሰው የሚጠብቀው ከዛሬ ጀምሮ አይደለም።

ከአሞሌው ጎን የንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር ይሠራ ነበር። ንግሥቲቱ በ1780 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሞታለች። ሳንቲሙ ግን ያንኑ 1780 የሚለውን ቁጥር እንደያዘ ከሞተች በኋላ ለብዙ ዓመታት ተመታ። ባላገሩ ብሩን ሲቀበል የጌጧን ነጠብጣብ በጣቱ ይቆጥር ነበር፤ አንዷ ከጎደለች ወይም ከተሸራረፈች «አልቀበልም» ይላል። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ አጋማሽ የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር፣ አላድ፣ ሩብና ቤሳ ፓሪስ ላይ አስመትተው ሲያመጡ እንኳ ብዙው ሕዝብ «የለመድኳትን ሴትዮ አምጡልኝ» ብሎ አስቸግሯል። ዛሬ የምናውቀው የብርና የሳንቲም ሥርዓት የተተከለው በ1937 ዓ.ም. ነው። ያኔም ሕዝቡ ወረቀቱን እንዲያምን ሃምሳ ሳንቲሙ ከእውነተኛ ብር ተመቶ ወጣ። ሽልንግና ስሙኒ የሚሉት ስሞች ከአፋችን ሳይወጡ ብዙ ዓመት የኖሩት በዚያ ሥርዓት ላይ ነው።

ሳንቲሙ ታምኖ፣ ተለምዶ፣ ማሽን ሊያጎርሰን ሲደርስ ደግሞ ዋጋ አጣ። ሳንቲም የሚውጥ የሕዝብ ስልክ አይተናል፤ አርጅቶም አይተነዋል። በ2002 ዓ.ም. የተመታችው ባለ ሁለት ቀለሟ የአንድ ብር ሳንቲም በአንድ ፊቷ አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን ይዛለች። ዛሬ ግን ብቻዋን የምትገዛው ነገር ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በግንቦት 2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ገንዘቡ ከነጭራሹ ስልክ ውስጥ ገብቷል።

ስለዚህ እኛ ማሽኑን ዘለልነው። ማሽኑ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ለልጅ ሰጠነው። በሌላው ዓለም ሳንቲም ስትከትበት ክብደትህን የሚነግርህ ሚዛን መንገድ ዳር ብቻውን ይቆማል። እኛ ጋ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን መሬት ላይ ዘርግቶ ከጎኑ የሚቀመጥ ልጅ አለ። ሚዛኑ ያንተን ክብደት ይለካል። የልጁን የሚለካው የለም።

ነገር ግን ታሪካችንን ጠለቅ ብለን ካየነው ያለ ሻጭ መሸጥን ከጥንት ጀምሮ እናውቀው ነበር። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ የአክሱምን መንግሥት አይቶ ጽፏል። የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ በኩል ዓመት ዘለል እያለ ወርቅ ወዳለበት ሳሱ ወደሚባል አገር ነጋዴዎች ይልክ ነበር። ነጋዴዎቹ ከአምስት መቶ ይበልጣሉ፤ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ከቦታው ሲደርሱ ትልቅ የእሾህ አጥር ያጥራሉ። በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን አጥሩ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች ይመጡና በወደዱት ዕቃ ላይ የወርቅ ፍሬ አስቀምጠው ራቅ ይላሉ። ባለ ዕቃው ይመጣል፤ ወርቁ ከበቃው ይወስዳል። ካልበቃው ሳይነካው ይመለሳል። ያኛው ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። አንድ ቃል አይነጋገሩም፤ ምክንያቱም ቋንቋ አይግባቡም፤ አስተርጓሚም የለም።

እስቲ አስቡት። ጨው እሾህ ላይ ተቀምጧል፤ ወርቅ ጨው ላይ ተቀምጧል፤ መሐል ላይ ማንም የለም። ሄሮን ሰውን ባለማመን መክደኛ ሠራ። ኮስማስ የጻፈላቸው ሰዎች ደግሞ አጥር አጥረው ዘወር አሉ። ያ ንግድ ያለፈው በአገው ገዢ በኩል ነው። ዋግም የአገው አገር ናት።

ልጁ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን በፌስታል ይዞ መጣ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጣሳዋን ወዝወዝ አድርጎ መስማት ነበር። ከዚያ ለሻይ ቤቷ ባለቤት እጅ ነሣ።

«ይኼን እግር ማን ሠራልህ?» አልኩት።

«ራሴ ነኝ ጋሼ። ብየዳውን ብቻ በያጁ።»

አገሩ ፃግብጂ ነው። በ2013 እና በ2014 ጦርነት ከአበርገሌና ከፃግብጂ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ሰቆጣ ሲሰፍር እሱም ከእናቱ ጋር መጣ። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ልጅ ካርቶን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞር ነበር። አንገቱን አሳየኝ፤ ገመዱ የነበረበት ቦታ ጠቆር ብሎ ቀርቷል።

«ሲከብደኝ ቆም እላለሁ። ስቆም አይሸጥም። ስዞር ደግሞ ትምህርት ያልፈኛል» አለኝ።

ቧንቧው ቆራሌው ከሰበሰበው ብረት መሐል የተገኘ ነው። ለበያጁ የከፈለው ክረምቱን ሙሉ ወርክሾፑን እየጠረገ ነው። ባልዲውን ከቀለም ቀቢዎች ለምኖ፣ ሲሚንቶውን ከአንድ ግንባታ ሥር የተረፈውን ሰብስቦ አመጣ። የመጀመሪያው ቧንቧ አጭር ሆኖ ሕፃናት እየደረሱበት አስቸገሩት። ሁለተኛው ረዝሞ ነፋስ ጣለው። ሦስተኛው ላይ ልኩን አገኘ። ወገብ ድረስ፣ ባልዲው እስከ አፉ ሙሉ። መሐንዲስ ስንት ዓመት ተምሮ የሚደርስበትን በሁለት ስብራት ደረሰበት።

«ሒሳብ ይጎድላል?»

«ይጎድላል እንጂ። አንዳንዴም ይተርፋል።»

«ሲተርፍ ደስ ይልሃላ!»

«አይ ጋሼ፤ ሲተርፍም አልገጠመልኝም ማለት ነው። መልስ ያጣ ሰው አለ።»

የሻይ ቤቷ ባለቤት ከውስጥ ሣቀች። ያኔ ነው የማሽኑን ቁልፍ ያየሁት። እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ትጥልለታለች፤ ለዚህም አንድ ሳንቲም አትቀበልም። ለማያውቅ ሰው ታሳያለች፣ ዝናብ ሲመጣ ዕቃዎቹን ታስገባለች። የሄሮን ዘንግና መክደኛ እዚህ ጎረቤት ይባላል።

ነገሩን አሳምሬ ልጨርሰው አልፈልግም። በአገራችን የሠራተኛ ሕግ፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1156፣ ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ይህን ልጅ ግን የቀጠረው የለም። አሠሪውም ሠራተኛውም እሱ ነው፤ ሕጉ ማንን ይጠይቅለታል? በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሲጋራን በፍሬ መሸጥ ከልክሏል፤ ልጁም ሲጋራ አይሸጥም። የሚያሠጋው ሌላ ነው።

በብዙ ከተሞቻችን የሚዞር ሻጭ «ለምን ትዞራለህ?» ተብሎ ይባረራል፤ የቆመ ሻጭ ደግሞ «ለምን ቆምክ?» ተብሎ ይነሣል። እኔ ራሴ አንድ ከተማ ውስጥ ደንብ አስከባሪዎች የአንዲት እናት የቆሎ ጠረጴዛ መኪና ላይ ሲወረውሩ ቆሜ አይቻለሁ። ቆሎው አስፋልቱ ላይ ተበተነ። እሷ ቆሎውን አልለቀመችም፤ የጠረጴዛውን እግር ይዛ ነበር የምትጎተተው። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ቆሎ እንደገና ይቆላል። እግር ያለው ነገር ግን ቦታ ነው። እግር ሲወሰድ ቦታ ተወሰደ ማለት ነው።

መንገድ ለእግረኛ መከፈት እንዳለበት አውቃለሁ። ከተማ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ግን ግማሽ ክንድ የማትሞላ ባልዲ የምትቆምበት ቦታ ከአንድ ሰፊ በረንዳ ጥግ መስጠት ሥርዓት ያፈርሳል? ለልጁ የምንከለክለው ባልዲ የምታርፍበትን መሬት ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። እኔ ግን የምንከለክለው የትምህርት ሰዓቱን ይመስለኛል። ባልዲዋ ከተነሣች ሱቁ ተመልሶ የሚወጣው ደረቱ ላይ ነው። ደረቱ ላይ ከወጣ ደግሞ ክፍል ውስጥ አይገባም፤ ሳጥን አንጠልጥሎ የሚማር ተማሪ የለምና።

አበው ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይሉታል። እኛ ይህን ተረት ለትንሽ ነጋዴ ሁልጊዜ እንተርትበታለን፤ ጠንክር፣ ጣፍጥ፣ ራስህን ቻል እንላለን። ይኸው ልጁ ጣፈጠ። ቀሪው የእኛ ሥራ ነው፤ ድንጋይ ነው ብሎ ያለመጣል።

ሊመሽ ሲል ያንን የታክሲ ዕዳዬን አስታወስኩ። ልጁ ዘወር ሲልልኝ አንድ መቶ ብር አጣጥፌ በጣሳዋ ቀዳዳ አስገባሁ። ልክ የሠራሁ መስሎኝ ልቤ ቀለል አለው። እሱ ግን ማታ ሒሳቡን ሲዘረግፍ አገኛትና ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ተሳስተው ነው?»

«አልተሳሳትኩም። ያንተ ናት።»

«ስንት ማስቲካ ልስጥዎ ታዲያ?»

ምን ልበለው? ዕዳው የሌላ ልጅ ነው ልበለው? ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ የት እንዳለም አላውቅም። የሄሮን ማሽን ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ይውጥልኝ ነበር። ይኼኛው አልዋጠልኝም። በመጨረሻ የማስቲካውን ዕቃ ከነፍሬው ሸጠልኝና መልሱን ቆጥሮ ሰጠኝ። ዕዳዬ እንዳለ ነው፤ እናንተ ዘንድ እንዲታወቅልኝ ብዬ ጻፍኩት።

ሻይ ቤቷ ልትዘጋ ሆነ። ቧንቧው የሚያድረው ከውስጥ ነው።

«በዚያ በኩል ይያዙልኝ» አለኝ ባልዲውን እያሳየ።

ጎንበስ ብዬ ያዝኩ። እንዲያ ይከብዳል ብዬ አልጠበቅኩም። ሦስት ደረጃ እስክንወጣ ሁለት ጊዜ አሳረፍኩት።

«ይኼ ሁሉ ክብደት!» አልኩት እያለከለክሁ።

«ይኼ እኮ ጋሼ፣ ቀን ቀን መሬት ነው የሚሸከመው» አለኝና የቧንቧውን አናት በክንዱ ጠረገ።